ሰባተኛው አባት

የሻረግ በወረዳው መዝገብ ቤት የድሮ መዛግብትን ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። በሠንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለው፤ ከስሙ ጎን የአባቱ ቁጥር ይቀመጣል፤ እሷ የጻፈችው ትእዛዝም ያን ቁጥር ይዞ ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እየወጣ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ተጋቢዎች ዘመድ አለመሆናቸው የሚታወቀው በዚሁ ነው።

ዛሬ የምትቆጥረው የራሷን ዘር ነበር። አንዱዓለምን እንድታገባ ሽማግሌዎቹ ከምሳ በኋላ የሰባቱን አባቶች ስም ይፈልጋሉ። አባቷ ግን «ሰባተኛውን እኔም አላውቀው ልጄ» ብሏታል። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል፤ እሷ ግን ሠርጌ ሊቀር ነው ብላ ፈራችና ከራሷ አንድ ስም ፈጥራ ሞላች፦ አንለይ።

ትእዛዙን አስኬደችው። ከአባቷ ጀምሮ ሰባት ስም ተደረደረ። ልታትመው እንደገና ብታስኬደው ስድስት ብቻ ሆነ፤ አንለይ ስድስተኛው ላይ ተቀምጧል፣ እዚያ የነበረው ተሰማ የሚለው ስም ጠፍቷል። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው፤ አምስት። በዚያ ደረቅ የበጋ ቀን ክፍሉ አዲስ እንደተቆፈረ መሬት ይሸት ጀመር፤ ከኮሪደሩ ማዶም የከዘራ ኳኳታ፣ ቆም እያለ፣ ደግሞ እየቀጠለ ተሰማት።

«ጋሽ ሞላልኝ፣ ውጭ ሰው አለ እንዴ?» ስትል የሥራ ባልደረባዋን ጠየቀችው።

«ምሳ ሰዓት ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» አላትና ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

የአንለይን መስመር ልትሰርዝ ሞከረች። «ልጅ ያለው ሰው አይሰረዝም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። ዝርዝሩን ስታየው አራት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት ሆነ፤ ከዘራውም በየመሀሉ እየቀረበ መጣ። የመጨረሻው ዝርዝር አንድ ስም ብቻ ነበረበት። ደረቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መታወቂያ አየችው፤ «የሻረግ አንለይ» ይላል።

እግዚኦ ብላ ለአባቷ ደወለች። ስልኩ ከበሩ ውጭ ጮኸ፣ ተነሣም።

«አባዬ?»

«አቤት ልጄ» አላት የማታውቀው የሸመገለ ድምፅ፣ በስልኩም በበሩም በኩል፤ «ሽማግሌዎቹን መልሻቸዋለሁ፤ ስም ያወጣችልኝን ልጄን ለማን ብዬ እድራለሁ?»