የዳለቻው ጠፍር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ። ጋኔን አየሁ፣ ሙት አናገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ "ለመሆኑ ጠላው ስንት ዋንጫ ነበር?" ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ባለቤቴ ጥሩወርቅም በዚህ ጠባይህ ከጎረቤት አጣላኸኝ እያለች ስትነዘንዘኝ ኖራለች። አሁንም ቢሆን አላምንም። ብቻ የደረሰብኝን ልንገርህና አንተው ፍረድ፣ ባታምነኝም አልቀየምህም፣ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አላምንህም ነበር።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው፣ ደግሞም በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጨለማ ነው ዓይንህን ያታለለው እንዳትለኝ። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፣ ከገሳይ ወዲህ ባለችው መንደራችን ሁለት በሬ ጠምጄ የማርስ ገበሬ ነበርኩ። የቀኙ በሬዬ ዳለቻ ነው፣ አገሩ ሁሉ "የሞገስ ዳለቻ" ይለዋል፣ እኔ ግን ሁለታችን ብቻ ስንሆን የምጠራው ሌላ ስም ነበረው፣ ጥሩወርቅ እንኳ አታውቀውም፣ በሬ እንደ ሕፃን በቁልምጫ ይጠራል ብላ እንዳትስቅብኝ ደብቄያታለሁ። ይህ በሬ አንድ አመል ነበረው፣ ትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና በአፍንጫው "እፍፍ" ብሎ ይተነፍሳል፣ ከዚያ በኋላ ጅራፍ ብታጮህበት፣ ብትለምነው፣ ብትሰድበው ንቅንቅ የለም፣ ጠጋ ብዬ ያንን ስም በጆሮው ስጠራው ግን ዞሮ እንደ ደህና በሬ ያርሳል። ትከሻው ላይ ደግሞ ጥጃ ሳለ ታሞ በጋለ ብረት የተኮስኩት የመስቀል ጠባሳ አለ።

ታዲያ አንድ ቀን የጣልያን ወታደሮች ለሥጋ የሚሆን በሬ እየሰበሰቡ መጡና ዳለቻውን ያዙት። አራት ሰው ቢጎትተው እምቢ አለ፣ እግሩን ተክሎ ቆመ፣ ይኼኔ አንደኛው ጠመንጃውን አቀባበለ። ዓይኔ እያየ እዚያው እንዳይደፋው ፈራሁና ስሙን ጠራሁት፣ መጣ። እኔ ከፊት እየጠራሁ፣ እሱ እየተከተለኝ፣ ወታደሮቹ ከኋላ ሆነው ደብረ ታቦር እስከ ሰፈራቸው በር ድረስ ሄድን፣ በሩ ላይ ገመዱን ተቀበሉኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የጠራሁት፣ ከፊት ስለነበርኩ እንባዬን ያየ ሰው የለም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ለአንዲት ሌሊት ዕድሜ ብዬ በገዛ አፌ ወደ ማረጃው አደረስኩት፣ ይህን ሳስብ ዛሬም ራሴን እጠላዋለሁ።

በአንድ በሬ አይታረስ ነገር፣ ከተማ ገባሁና ጣልያኖቹ ባቆሙት የዱቄት ወፍጮ ቤት ተሸካሚ ሆንኩ። ብዙም ሳልቆይ ከወፍጮው ጎን አዲስ መኪና ተተከለ፣ መኪና ስልህ የሚነዳው አይደለም፣ እኛ ያን ጊዜ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ መኪና ነው የምንለው፣ ይህኛው ዱቄቱን ራሱ በከረጢት እየሞላ፣ የከረጢቱን አፍ ራሱ እየሰፋ፣ አንድ በአንድ የሚያወጣ ነው። እኛ በጣሳና በወስፌ ቀኑን ሙሉ የምንለፋበትን እሱ እንደ ቀልድ ይጨርሰዋል አሉን። የሚተክለው ሲኞር ፒኖ የሚባል ቦርጫም ሰውዬ ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አማርኛው ሦስት ቃል ናት፣ "ቆይ"፣ "በቃ" እና "ጉድ"፣ በእነዚህ በሦስቱ ግን የማይነግርህ ነገር የለም።

መኪናው ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ መጣና አንድ ነገር ጎደለ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ መኪናው መዘውር የሚያደርሰው ረጅሙ ጠፍር ከጎንደር ተጭኖ ሲመጣ ጣራ ገዳም ሥር አንድ ቦታ ላይ ከነሣጥኑ ወድቆ ቀርቷል። መነኮሳቱ ግንድ እየጎተቱበት ይሆናል እያልን እኛ ሳቅን፣ ፒኖ ግን ሊያለቅስ ደረሰ። በመጨረሻ ሀጂ እንድሪስን አመጣንለት፣ ሀጂ ገበያው ዳር ኮርቻ የሚሰፉ የታወቁ ባለሙያ ናቸው፣ ከተማ ስገባ ማደሪያ የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። "ለስንት በቅሎ ሰፍቻለሁ፣ አንዲትም በቅሎ እንደዚህ ሰውዬ በክር ሦስት ጊዜ አስለክታኝ አታውቅም" እያሉ፣ ከጦር ሰፈሩ ማረጃ ቆዳ አስመጥተው፣ ለፍተው፣ ቀጣጥለው ግሩም ጠፍር አወጡ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት መኪናው መሞከር አለበት ተባለ። መጀመሪያ ባዶውን አስነሱት፣ ሽር አለ፣ ፒኖ ደስ ብሎት ሀጂን አቀፋቸው። ቀጥሎ ዱቄት ተለቀቀበት፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ስድስት ከረጢት ሞላና ቀጥ አለ። ሞተሩ ይጮሃል፣ የሞተሩ መዘውር ይሽከረከራል፣ ጠፍሩ ግን ላዩ ላይ እንደተጠመጠመ ቆሟል፣ ከዚያ ከመኪናው ሆድ "እፍፍ" የሚል ድምፅ ወጣና ዱቄት በነነ። ፒኖ "ቆይ" አለ፣ አጠበቀው፣ አስነሳው፣ ስድስት ከረጢት ሞልቶ ቆመ፣ እፍፍ። አላላው፣ ያው። ሙጫ ቀባው፣ ያው። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ፣ ፒኖ ቆቡን መሬት እየወረወረ "ጉድ፣ ጉድ" ይላል፣ እኔም በሆዴ ይህ አመል ያለው መኪና ነው እያልኩ እስቃለሁ።

ሳቁ የጠፋብኝ በሦስተኛው ቀን ነው። አስተርጓሚው መጥቶ፣ ሐሙስ ከጎንደር አንድ መኰንን ይመጣል፣ መኪናው እሱ ፊት ሳይቆም መቶ ከረጢት መሙላት አለበት፣ ካልሞላ ጠፍሩን ሆን ብሎ ያበላሸው ሰው ይጠየቃል አለን። ያን ጊዜ "ይጠየቃል" ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ? ተጠይቆ ቤቱ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ሀጂ መቁጠሪያቸውን አወጡና ወደ ደጅ ሄዱ። እኔ ደግሞ እስቲ ይህ ጠፍር ምን ነካው ብዬ ጠጋ ብዬ አየሁት፣ ከቅጥያዎቹ አንዱ ላይ የመስቀል ጠባሳ አለ።

ጠባሳ ሁሉ ጠባሳ ነው፣ ስንቱ በሬ ተተኩሷል ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ግን ልብ ብዬ ሳይ፣ ጠፍሩ በቆመ ቁጥር ጠባሳው የሚቆመው እኔ ባለሁበት በኩል ነው። በቀኝ ቆሜ ሞከርኩት፣ በቀኝ ቆመ። በሚቀጥለው ዙር ውኃ የምጠጣ መስዬ በግራ ዞርኩ፣ በግራ ቆመ። ሞተሩ ኋላ ተደበቅኩ፣ እመነኝ ወንድሜ፣ ዞሮ ዞሮ ፊቴ ላይ መጥቶ ቆመና "እፍፍ" አለ፣ ሽታውም ዝናብ የመታው በሬ ሽታ ነው። ሰው ሁሉ ለምሳ እስኪወጣ ጠበቅሁ፣ ፒኖ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የወጣው፣ ጠጋ ብዬ ስሙን ቀስ ብዬ ጠራሁት። ጠፍሩ ዞረ።

ማታ ለሀጂ ነገርኳቸው። "ሀጂ፣ ጠፍሩ የኔ ዳለቻ ነው፣ ስሙን ስጠራው ይሄዳል" አልኳቸው።

ሀጂ አስተውለው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ጾሙ አናትህ ላይ ወጥቶብሃል፣ ሽሮ ጨመር አድርግ" አሉኝ፣ ቆይተው ግን "ለመሆኑ ሐሙስ ትጠራዋለህ?" አሉ።

"አልችልም ሀጂ። አንድ ጊዜ ጠርቼው መጣልኝ፣ የመጣው ወደ ቢላዋ ነው። አሁን ደግሞ ለነዚያው ሰዎች ሥራ እንዴት ብዬ ልጥራው?"

እኔ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ "እንግዲያው ተወው፣ ሆድህ የማይችለውን አታድርግ፣ እኔ እንደሆነ ዕድሜ ጠግቤያለሁ" ብለው ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሐሙስ መኰንኑ መጣ፣ ቀጭን፣ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ነው። ሀጂን ከሁለት ወታደር መሃል አቆሟቸው። ፒኖ አማተበና አስነሳው፣ ስድስት ከረጢት ሞላ፣ ጠፍሩ ጠባሳውን ወደ እኔ አዙሮ ቆመ፣ "እፍፍ"። መኰንኑ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ሀጂን አያቸው፣ አንደኛው ወታደር ክንዳቸውን ያዘ። ሀጂ እኔን አላዩም፣ ሆን ብለው ጣሪያውን ነው የሚያዩት፣ እንዳላፍር ብለው። አንጀቴ አልቻለም፣ ወደ ጠፍሩ ሮጥኩና "ይቅር በለኝ" አልኩት፣ ከዚያ ስሙን ጠራሁት።

ሄደ። ሰባት፣ ስምንት፣ እስከ አሥራ ሁለት፣ እፍፍ ሊል ሲል ቀድሜ እጠራዋለሁ፣ እሱም ይዞራል፣ ሞተሩ ስለሚጮህ ስሙን ከኔ በቀር የሰማ የለም። ምን አለፋህ፣ ትልም ለትልም እንደምንሄድ ሆንን፣ ከረጢቱም እየተሰፋ ይወርዳል፣ እኔ ግማሹን እየሳቅሁ ግማሹን እንባዬን እየዋጥሁ ሃምሳ ገደማ ደረስን። መኰንኑ አስተርጓሚውን "ያ ሰውዬ ምን እያለ ነው?" ብሎ ጠየቀ፣ አስተርጓሚው "እየጸለየ ነው" አለ። መኰንኑ ሳቀና "መኪና በጸሎት አይሠራም፣ አስወጡት" አለ።

ሁለት ወታደሮች ጎትተው አወጡኝ፣ በሩን ዘጉት። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ከዚህ ብጮህ ተኩሰው ይገድሉኛል፣ ዝም ብል ሀጂ አለቀላቸው፣ የማደርገውን አጣሁና አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ የአንዲት ትንፋሽ ድምፅ ከአፌ አልወጣም፣ ይህንን በደንብ ያዝልኝ። ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልቆመም። መኪናው ሽር እንዳለ ቆየ፣ ቆየ፣ በኋላ ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ተከፈተና ፒኖ ቆቡን ወደ ሰማይ እየወረወረ "በቃ፣ በቃ" እያለ ወጣ። መቶ ሞላ ማለቱ ነው። ሀጂም ከኋላው በራሳቸው እግር ወጡ፣ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ዘለልን፣ የሳቸው ጥምጥም እንኳ ተፈታ።

ወደ ቤት ስንሄድ ግን ሀጂ መንገድ ላይ ቆም አሉ። "ልጄ፣ ከውጭ እንደዚያ ስትጮህ አለመተኮሳቸው አላህ ጠብቆህ ነው" አሉኝ።

"እኔ? እኔ እኮ ትንፍሽ አላልኩም።"

"ተው፣ ሁላችንም ሰምተናል፣ ፒኖም 'ጉድ' አለ። ቃሉን በሞተሩ ጩኸት አልለየሁትም፣ ድምፁ ግን ያንተ ነው። ያሳዘነኝ፣ እያለቀስክ ነበር የምትጣራው።"

የዚያን ቀን የመንገዱን እንባ ለሳቸውም ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

ጣልያን ሲወጣ ወፍጮ ቤቱ ባዶውን ቀረ። ሀጂና እኔ ገብተን ጠፍሩን አወረድን፣ ጠባሳ ያለበትን ቅጥያ ቆርጠው ሰጡኝ፣ የቀረውን ለኮርቻ ወሰዱት፣ የትኛዋ በቅሎ ትልሙ ጫፍ ላይ እንደምትቆም እንጃ እያሉ ሲስቁ ኖረው ሞቱ። እኔ ድርሻዬን ወደ መንደሬ ወስጄ ማሳዬ ዳር፣ ዳለቻው ይቆምበት ከነበረው ጫፍ ላይ ቀበርኩት፣ እንግዲህ ዕረፍ ብዬ። ስሙን ከዚያ ወዲህ በአፌ አላነሳሁትም፣ ለጥሩወርቅም፣ ለልጆቼም፣ ይኸው ለአንተም አልነገርኩህም፣ ከጠራሁት መምጣቱ ነዋ።

ታዲያ አምና ሐምሌ ወገቤን ታምሜ ተኛሁና ደሴ የሚባለው አማቼ ማሳ ወርዶ አረሰልኝ። ማታ ጭቃውን እያራገፈ፣ እየሳቀ ገባ። "አባ፣ ታመዋል ብለን ስንጨነቅ እርስዎ በዚህ ዝናብ ማሳ ድረስ ወርደው ኖሯል? በሬዎቹ ጫፉ ላይ ቆመው እምቢ ሲሉኝ ከግራሩ ወዲያ ሆነው ባይጠሩልኝ እስካሁን እዚያው ነበርኩ" አለኝ።

ጥሩወርቅ "የት ወርዶ፣ ቀኑን ሙሉ ከመደቡ መች ወረደ?" አለችው።

እሱ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ከመደቡ ቀና አልኩና "ምን ብዬ ነው የጠራሁት?" አልኩት።

ስሙን ነገረኝ።