ሰላምተኛው ቀበቶ

ምንታምር ደሴ ከተማ ቁጭ ብላ ድሬዳዋ ያለችውን ኤፍራታን ወገቧን በሁለት እጇ ይዛለች። በቢሮዋ መስኮት በኩል ዝናብ ይወርዳል። ኤፍራታ ዘንድ ግን የቀኑ ሙቀት ስለማያስወጣ ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዱ ከመሬት በታች በተሠሩት ሰፈሮች ገብቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። ምንታምር ያጠለቀችው ጓንት ኤፍራታ ሆዷ ላይ ከታጠቀችው ዳሳሽ ቀበቶ ጋር የተገናኘ ነው። ቀበቶው የጡንቻውን መጠንከርና መላላት፣ የቆዳውን ሙቀት፣ የትንፋሹን አካሄድ እየለቀመ ይልካል፤ ጓንቱ ያንኑ መዳፏ ላይ ያደርሰዋል። እሷ ጣቷን ስትጫን ቀበቶውም እዚያ ይጫናል። በዚህ የፊዚዮቴራፒ ሥራ ፀጉሯ እስኪሸብት ስትኖር በአካል ያገኘቻቸው ታካሚዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ወገባቸውን ግን ከፊታቸው ይልቅ ታውቀዋለች።

"ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ ሳቢው" አለቻት በስክሪኑ። "ሆድሽ እስኪነፋ አየር አስገቢ። አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂው።"

ኤፍራታ ምንጣፏ ላይ ተጋድማ እንደታዘዘችው አደረገች። ከዳሌዋ ሥር ያለው ጡንቻ ግን አልላላም፤ በምንታምር መዳፍ ላይ እንደ ደረቀ ጠፍር ተወጥሮ ቀረ።

ኤፍራታን የያዛት ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። የማሕፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ በቅሎ፣ በየወሩ እየደማ መውጫ የሚያጣበት ሕመም ነው። ጡንቻው ሕመሙን ሲሸሽ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሕመም ይሆናል። የምንታምር ሥራ ይህን ሁለተኛውን ማላላት ነው። የመጀመሪያውን የሚነቅለው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው የሚያደርሰው ደግሞ ቀበቶው። በቀበቶው ላይ ያለችው መብራት ቀይ ስትሆን ወረፋው በራሱ ይከፈታል፣ አምቡላንሱም በራሱ ይመጣል። ፊርማ የለ፣ ደጅ ጥናት የለ፣ አማላጅ የለ። አማላጅ የማያስፈልገው ነገር እኛ አገር ሲገኝ ማን ይጠላል? ቀበቶው የወጣ ጊዜ ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት።

የኤፍራታ መብራት አረንጓዴ ነው። ከታጠቀችበት ቀን ጀምሮ ከአረንጓዴ ሌላ ሆኖ አያውቅም።

"ዛሬስ ሕመሙ እንዴት ነው?"

"ደህና ናት፤ ተመስገን ነው" ብለው መለሱ የባሏ እናት እማማ የሺመቤት። የታመመን ሰው ብቻውን መተው ነውር ስለሆነ፣ ምራታቸው በታከመች ቁጥር ወንበር ስበው ከምንጣፉ ዳር ይቀመጣሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። "ይሄ እኮ የሴት ልጅ ዕጣ ነው፣ ልጄ። እኛም ጥርሳችንን ነክሰን አሳልፈነዋል።"

"አዎ፣ ደህና ነኝ ሲስተር" አለች ኤፍራታ። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ምንታምር እጇን ወደ ኤፍራታ ግራ ጎን አዞረች። ከጎድኗ ሥር ስትደርስ ኤፍራታ ትንፋሿን ዋጠች። ቦታው አብጧል፤ ቆዳው ይግላል።

"እማማ፣ እባክዎ ቀዝቃዛ ውሃ ያምጡላት" አለች ምንታምር፤ አሮጊቷ ወደ ጓዳ እስኪገቡ ጠብቃም "ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?" ስትል ጠየቀቻት።

"ከጥምቀት ወዲህ። ሽንቴም እየቀነሰ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርዎት? ባሌም፣ እማማም፣ እርስዎም መብራቱን ታዩታላችሁ። አረንጓዴ እየበራብኝ ባቃስት የማስመስል ነው የሚመስለው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።"

ምንታምር ደነገጠች። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ያ ሥጋ አንቆት ከሆነ፣ ኩላሊቷ ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። በዚያው ሰዓት ቀበቶዎቹን ለሚያስተዳድረው ማዕከል ኃላፊ ለዶክተር ልዑልሰገድ ደወለች።

"ሲስተር፣ እጅዎን አከብራለሁ" አለ ሰውየው። "ቀበቶውን ያስተማርነው ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን ጠይቀን ነው። የአንድ ሰው እጅ ይሻላል ወይስ የሺህ ሴት ቃል?"

"ምን ብላችሁ ነበር የጠየቃችኋቸው?"

ይህን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም መሰለኝ፤ ዶክተሩ ሳቀና የተቀዳውን የሴቶቹን ድምፅ ላከላት። ምንታምር አዳመጠች። ቀበቶውን የሠሩት ልጆች ጨዋ የጨዋ ልጆች ነበሩ። ማሽንም ቢሆን ሰላም ሳይል "ያምሻል?" ብሎ መጀመሩ ብልግና መሰላቸው። ስለዚህ ቀበቶው ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደርሽ?" እንዲል አደረጉት። ከዚያ በኋላ ስለ ማሕፀንና ስለ ዳሌ መጠየቁ ደግሞ ድፍረት ሆነባቸውና ለሰላምታው የተሰጠውን መልስ የሕመም መለኪያ አድርገው ያዙት። አንዷ እያቃሰተች "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ሌላዋ ሲቃ እየተናነቃት "ደህና፣ እናንተ ደህና ናችሁ?" ብላ የማሽኑን ጤና ትጠይቃለች። አንዷ ከመጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ሆና እያስመለሳት "ደህና" አለች። ቀበቶው ምን ያድርግ? የተወጠረ ጡንቻ፣ የሚንቀጠቀጥ ሆድ፣ የሚቆራረጥ ትንፋሽ የደህና ሴት ምልክት መሆኑን ተማረ። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነዚህ ሴቶች ግን የደበቁት ነገር አልነበረም፣ ሰላምታ ነው የመለሱት። ምንታምር አለቀሰች፤ የተናደደ ሰው ለቅሶ ነበር።

ዶክተሩ መልሳ ስትደውልለት አልካደም። "ስህተት አለ፣ ልክ ነዎት። እንደገና ለማስተማር ግን ጊዜ ይጠይቃል። እስከዚያ ደንቡ ደንብ ነው፤ ያለ ቀይ መብራት ወረፋ አይከፈትም" አለ።

"እስከዚያ ኩላሊቷስ?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

ምንታምር ወደ ስክሪኑ ስትመለስ የኤፍራታ ባል ክንፈ ከመኝታው ተነስቶ ምንጣፉ አጠገብ ቆሟል። ባቡር ነጂ ነው፤ ባቡሮቹ የሚነሱት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሆነ ቀን ቀን ይተኛል። እማማ የሺመቤትም ውሃውን ይዘው ተመልሰዋል። ምንታምር የሰማችውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ስትናገር ከክንፈ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሌላ ቀበቶ ዓይኗ ገባ።

"ያ የማን ነው?"

"የእኔ ነው፣ ሲስተር። የባቡር ነጂ ሁሉ ለወገቡ ይታጠቀዋል።"

"ጠዋት ጠዋት ምን ይልሃል?"

"ምን ይላል... 'ወገብህን ያምሃል? የት ጋ? ባቡሩን መንዳት ትችላለህ?' ይላል። ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ባለጌ ነው።"

እውነትም ባለጌ ነበር። ነጂ ታሞ ዝም ቢል ባቡሩ ይቆማል፤ ባቡር ሲቆም ደግሞ የሚጮህ አለ። ስለዚህ ነጂዎቹን ያለ ይሉኝታ ጠየቋቸው። ሴት ታማ ዝም ብትል ቤቱ አይቆምም፤ ምሳው በሰዓቱ ይደርሳል።

"አውርደውና አስታጥቃት" አለች ምንታምር።

ክንፈ የሚስቱን ቀበቶ ፈታ፤ የራሱን አስታጠቃት። መቆለፊያው ገና ሳይገጥም መብራቱ ቀላ። ቤቱን ሁሉ አቀላው። ክንፈ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። ወገቡ ተቀጭቶ ሐኪም ቤት በተኛ ጊዜ እንኳ መብራቱ ከብጫ አላለፈም ነበር።

"ኤፊ" አለ። "እንዲህ እየሆንሽ ነው ስንቄን ስትቋጥሪልኝ የነበረው?"

"አረንጓዴ ነበርኩ እኮ" አለች ኤፍራታ።

አምቡላንሱ በዋሻው መንገድ እየተንሸራተተ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። አንድ ሽማግሌ ነርስና ሁለት ወጣቶች አልጋ እየገፉ ገቡ።

"አቶ ክንፈ የት ናቸው?"

"እኔ ነኝ። ታማሚዋ ግን እሷ ናት" አለ ክንፈ።

ሽማግሌው ፊቱን አጨፈገገ። "ወረፋው የተከፈተው በአቶ ክንፈ ስም ነው። ሌላ ሰው ይዘን ብንሄድ የሆስፒታሉ በር አይከፈትልንም።"

"እንግዲያው ስሜን ውሰዱት። ለእሷ ስጡት።"

ሽማግሌው ኤፍራታን ትክ ብሎ አያት። ላቧ ፀጉሯን ከግንባሯ ጋር አጣብቆታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክንዷን ያዘና "ይነሱ አቶ ክንፈ፣ ቀስ ብለው" አላት። ደሴ ላይ ምንታምር ከክንፈ ቀበቶ ጋር ያገናኘችውን ጓንቷን አላወለቀችም። አምቡላንሱ ርቆ ግንኙነቱ እስኪቋረጥ ድረስ የዚያ ሆድ መንቀጥቀጥ መዳፏ ላይ ነበር።

ቀዶ ሐኪሞቹ ሥጋውን ነቀሉት። የቀኙን ኩላሊት አዳኑላት፤ የግራው ግን ቀድሞ ሞቶ ስለነበር አወጡት። ከጥምቀት ወዲህ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አረንጓዴው መብራት እየበራለት ነው የሞተው። የሆስፒታሉ ማሽንም አቶ ክንፈ የተባሉ ባቡር ነጂ በማሕፀናቸው ሕመም ታክመው መዳናቸውን ያለ ምንም ጥያቄ መዘገበ። ወንድ ማሕፀን አለው ሲባል ያልደነቀው ማሽን፣ ሴት ታማለች ሲባል ግን አላመነም ነበር።

ኤፍራታ ቁስሏ ሲጠግግ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ የምንታምር ሕክምናም እንደገና ተጀመረ። በደንቡ መሠረት የገዛ ቀበቶዋን መታጠቅ ነበረባት። ምንታምር ጓንቷን አጥልቃ እየጠበቀች "አሁን ሲጠይቅሽ እውነቱን ንገሪው። አንዷ ከጀመረች ይማራል" አለቻት።

"እንደምን አደርሽ፣ ኤፍራታ?" አለ ቀበቶው በዚያ ደግነት በሞላው ድምፁ።

እማማ የሺመቤት እንደ ልማዳቸው ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የምራታቸውን ፊት አይተው መልሱን ለእሷ ተዉላት።

"ደህና አላደርኩም" አለች ኤፍራታ። ሰላምታን እንዲህ መልሳ አታውቅም። "ሌሊቱን አሞኝ ነው ያደርኩት። በፊትም ደህና ነኝ ስልህ ያመኝ ነበር።"

አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ ጠፋ። በምንታምር ጓንት ውስጥ የነበረውም ሙቀት አብሮ ጠፋ።

"ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ ቀበቶው። "የምትሰጪው መልስ ከሌሎች ሴቶች መልስ ጋር ሊስማማ ስላልቻለ ይህ ቀበቶ ተበላሽቷል። በደህና ቀበቶ ይቀየርልሻል። መልካም ቀን።"

እማማ የሺመቤት የጠፋችውን መብራት አተኩረው እያዩ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው በነጠላቸው ሥር አስገብተው ሆዳቸውን ዳበሱ።

"እንግዲያ እኔ" አሉ፣ "ይሄን ሁሉ ዘመን ደህና ነበርኩ?"