አርባ ሺህ ክፍት መስመሮች

«ሪስታርት አድርጊውና እንገላገል!» አለች የችኮ ጓደኛ እጇን ወደ ሰርቨሩ ማጥፊያ እየሰደደች።

«እጅሽን ሰብስቢ!» ችኮ ጮኸችባት።

ችኮ ቅጽል ስሟ ነው፤ አንዴ ከያዘች ስለማትለቅ የክፍሏ ልጆች ናቸው ያወጡላት። ዛሬ ደግሞ ደሟ ፈልቷል። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያገለግለው ሰርቨር፣ ተማሪው ሁሉ በሚገባበት ሰዓት ቀጥ ሲል ይኸው አራተኛ ቀኑ ነው። አጥፍተው ሲያበሩት ይነሳል፤ የጥፋቱም ዱካ አብሮ ይጠፋል። ትናንት ሰርቨሩን እንድትከታተል ቁልፍ የሰጧት የኮምፒውተር መምህር፣ «አንቺ ነካክተሽው ነው አሉ። እስከ ነገ ካላስተካከልሽው የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ» ብለዋታል። ሳትነካው! ማን ነው እንዲህ ያለው?

ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ሜሞሪው ጢም ብሏል፤ ፕሮግራሞቹ የያዙት ግን ሩቡን እንኳ አይሞላም። ታዲያ የቀረውን ማን በላው? ከፕሮግራሞቹ ሥር ሆኖ የኔትወርክ መስመሩን ሁሉ የሚያስተናግደው ከርነል ነዋ! የከርነሉን ዝርዝር አወጣች። ከአርባ ሺህ በላይ ክፍት መስመር። አንድ ፕሮግራም በየሁለት ሴኮንዱ አዲስ መስመር ይከፍታል፣ አንዱንም አይዘጋም። ከርነሉ ደግሞ ለእያንዳንዱ ከሜሞሪው እየቆረሰ ይሰጣል።

የፕሮግራሙን ስም አነበበች። የፈተና ውጤት መለጠፉን እያየ ለክፍሉ ልጆች እንዲያሳውቅ ጓደኛዋ የሠራችው ነው።

«ያንቺ ነው» አለች።

ጓደኛዋ አቀረቀረች። «ሰኞ ነው ያወቅኩት። ችኮ ነካክታው ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። በናትሽ፣ ሪስታርት ካደረግሽው ማንም አያይም።»

«አራት ቀን ሙሉ! አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አይዞሽ እያልሽኝ!» ችኮ ኪቦርዱን አንስታ ብትወረውርባት ደስ ባላት።

መምህሩ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። «እህስ፣ የት ደረሳችሁ? ስምንተኛዎች ለፈተና ተሰልፈዋል። አጥፍታችሁ አብሩትና ልጆቹ ይግቡ!»

«አንድ ደቂቃ ቲቸር።»

ችኮ ዝርዝሩን ፋይል ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ወንበሩን ለጓደኛዋ ለቀቀችላት።

«ተቀመጪ» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «መጀመሪያ ፕሮግራምሽን ዝጊው። ከዚያ ዞር በይና ለቲቸር ራስሽ ንገሪያቸው።»

«ካልነገርኩስ?»

ችኮ ፕሪንተሩን አበራችና ያስቀመጠችውን ዝርዝር ልታትም ወረቀት ሞላችበት።