በእግር ጣት የተጀመረ ጭፈራ

«ጉልበቷ ተሰንጥቋል ቲቸር! ሐኪም እንዳትንቀሳቀስ ብሏታል!»

ይህን ያለችው ሬዲዮ ነበረች። አፏ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ስላልተገኘ ክፍሉ በሙሉ በዚህ ስም ይጠራታል። የስፖርት መምህሩ በአዳራሹ ደጃፍ ቆመው ከሬዲዮ ጀርባ የተከለለችውን ቀጭን ልጅ፣ ጓደኞቿ «ጭራሮ» የሚሏትን፣ ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት። ጭራሮ ቶሎ ብላ ጉልበቷን ያዘች፤ ጤነኛውን ጉልበቷን።

«እንግዲያስ እዚሁ ውጭ አርፈሽ ጠብቂ» አሏት።

«አመስግኚኝ እንጂ አትፍጠጪ» ብላ ሬዲዮ አንሾካሾከችላትና ሾልካ ገባች። በሩ ተዘጋ። ሙዚቃው ከውስጥ ሲጀምር ጭራሮ ደጅ ቀረች።

እርግጥ ነው፣ ሐኪም የከለከላት ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት ጭራሮ እናቷ የሰፋችውን ቀሚስ ለደንበኛ ልታደርስ ስትሄድ፣ የተሳፈረችበት ሊፍት መብራት ጠፍቶ በሁለት ፎቆች መካከል ቆመ። ድምጿ እስኪሰልል ጮኸች፤ ሰሚ የተገኘው ግን ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በር በተዘጋባት ቁጥር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ጉልበቷ ይገተራል፣ ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ቀድሞ ሙዚቃ ስትሰማ እግሯ አርፎ የማይቀመጥ ልጅ ነበረችና፣ ለዓመቱ መዝጊያ ትርኢት ጓደኞቿ ሲለማመዱ ደጅ መቅረቷ አንጀቷን ያቃጥላት ነበር። መምህሩ በትርኢቱ የሚሰለፉትን የሚለዩት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ያን ቀን ውጭ የተገኘች፣ ውጭ ቀረች።

ቤት ስትደርስ አክስቷን አገኘቻት። አክስቷ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ከገዛ አካላቸው ጋር እንደገና እንዲስማሙ በእንቅስቃሴ የምትረዳ ባለሙያ ናት።

«ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» አለቻት።

«ጉልበቴ ተሰንጥቆ ዋልኩ።»

እናቷ መቀሷን ጥላ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች። «የቱ? የቱ ጋ? አሳዪኝ!»

«ተረጋጊ እማ፣ ውሸት ነው። የሰነጠቀችው ሬዲዮ ናት።» ከዚያም ያስጨነቃትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

አክስቷ ሰምታ ስትጨርስ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፋች። «ጫማሽን አውልቂና ነይ።»

«መጨፈር አልችልም አልኩሽ እኮ!»

«ማን ጨፍሪ አለሽ? የእግር ጣቶችሽን ብቻ አንቀሳቅሺ። ዓይንሽን መግለጥም መጨፈንም ያንቺ ፈንታ ነው። ሲበቃሽ ታቆሚያለሽ፤ ለምን አቆምሽ የሚልሽ የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል...»

«እንቁላሉን ተይው አክስቴ፤ መጀመሪያ እኔ በእግሬ ልሂድ።»

አክስቷ ሳቀች። ጭራሮ ጣቶቿን አጠፍ ዘርጋ አደረገቻቸው።

«ወለሉ ይሰማሻል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«ጎሽ። ቅዝቃዜውን ልብ በይው። እሱ የሚነግርሽ አሁን የት እንዳለሽ ነው።»

የዚያን ቀን ከጣት አላለፉም። በማግስቱ ተረከዝ ተጨመረ፤ ከዚያ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረች መወዛወዝ ጀመረች። ቀናት ሲያልፉ እጆቿ ማንም ሳያዝዛቸው ተነሡ። ሙዚቃ አልነበራቸውም፤ የእናቷ የስፌት መኪና ጠቅ ጠቅ ማለቱ በቂ ምት ነበር። በሩ ሁልጊዜ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው።

ክፍት በር ግን ተመልካች ይጠራል። አንድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆች ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው ይንከተከቱ ጀመር። እናት ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። «ልጄን መሳቂያ አታደርጓትም!» ብላ በሩን ድርግም አደረገችው፤ ቆለፈችው፤ መጋረጃውንም ሳበችው። ቁልፉን በሽርጧ ኪስ ከታ ዞር ስትል ልጇ በክፍሉ መካከል እንጨት ሆና ቆማለች።

«ወይኔ ልጄን! ምን አደረግኩ?» ብላ ልታቅፋት ስትንደረደር አክስቷ በእጇ ገታቻት።

«አትንኪያት፤ ራሷ ትንገረን» አለችና ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ጭራሮ ትንፋሿን ፈለገችው፤ አጣችው። ትከሻዋን ፈለገችው፤ ጆሮዋ ሥር ነው። ከዚያ ወለሉ ተሰማት። አንድ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ሌላው ተከተለው። ተረከዟ ከፍ ዝቅ አለ፤ አየርም ቀስ እያለ ወደ ደረቷ ወረደ።

«እማ፣ ክፈችው።»

«ይስቁብሻል እኮ የኔ ልጅ!»

«ይሳቁ! ክፈችው!»

በሊፍቱ ውስጥ የሰለለው ድምፅ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። እናት ቁልፉን አዞረች፤ ብርሃኑ ገባ፤ ልጆቹ ግር ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ጭራሮም ጨፈረች። በጣት አይደለም፣ በተረከዝ አይደለም፤ ክንዷንም አንገቷንም ሳቋንም ሳትሰስት ጨፈረች። ልጆቹ መጀመሪያ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቀጥሎ ማጨብጨብ ጀመሩ።

«እኔው ራሴ በር ልዘጋብሽ!» አለች እናት እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች።

«ለእኔው ብለሽ አይደል እማ?»

መምህሩ ተሰላፊዎቹን በሚለዩበት ቀን ሬዲዮ እንደልማዷ ቀደመች። «ቲቸር፣ የእሷ ጉልበት ገና...»

«ጉልበቴ ደህና ነው» አለች ጭራሮ። «ዱሮም ደህና ነበር።»

ሬዲዮ ክው አለች። «ባትሪ ጨረሰች!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ ግን አልሳቁም።

«ታዲያ ለምን ዋሻችሁኝ?»

«እሷ ልታድነኝ ብላ ነው። ውሸቱን እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። በር ሲዘጋ ሰውነቴ ይደርቃል ቲቸር። ክፍት ከሆነልኝ እጨፍራለሁ።»

መምህሩ ወደ አዳራሹ ገቡ። ከዚያም ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ጎትተው በሩን ወለል አድርገው አስደገፉት። «በውሸቱ ጉዳይ ሁለታችሁንም አነጋግራለሁ። አሁን ግቡ።»

ጭራሮ ከበሩ አጠገብ ቆማ ጀመረች። ዘፈኑ ሳይጋመስ ግን ሰልፉ እየዞረ ወደ አዳራሹ መካከል ወሰዳት፤ እሷም ሄደችለት።

«አንቺ! ይህን ሁሉ የት ደብቀሽው ነው?» አለች ሬዲዮ እያለከለከች።

«ሳሎን።»

ይህን ጊዜ የሒሳብ መምህርቷ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ኧረ በፈጠራችሁ! ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው፤ ይህን በር ዝጉልን!»

የስፖርት መምህሩ እጃቸውን ወደ ወንበሩ ሰደዱና ቆም አሉ። ወደ ጭራሮ ዞሩ። ሁሉም ዞረ።

ጭራሮ አልቸኮለችም። ትከሻዋ ወርዷል። ትንፋሿ በቦታው ነው።

«ገርበብ ይበል» አለች፤ መምህሩ ወንበሩን ሲያነሡም ወደ በሩ ሳትመለስ እዚያው መካከል ቆማ ዘፈኑን ጠበቀች።