ጉንጭ ሙሉ ውሃ

የዝናቡ ዕንቁ ከዘርማት ቤተ መንግሥት በተሰረቀ ማግስት የአገሩ ምንጮች ሁሉ ደም መሰሉ፤ ከዚያም ደረቁ። ዕንቁውን የወሰደው ገሞር ነበር፤ የሰው ቁጣ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ቁጣ ወደሰማበትም የሚሮጥ የእሳት አውሬ። ንግሥቲቱ ዕንቁውን እንዲያስመልስ የጦር አዛዡን ራስ ጉምዛርን መረጠች። ከእሱ የሚበልጥ ጀግና አልነበራትም፤ ከእሱ የባሰ ቁጡም አልነበራትም። ስለዚህ ቁጣን መግራት የተማረችውን ወጣት ኢልመናን አብራ ላከች።

«ጦር የማትይዝ መካሪ» አለ ጉምዛር በሠራዊቱ ፊት። «ምን ልትሆነኝ ነው? ሞግዚት?»

ወታደሮቹ ሳቁ። የኢልመና ፊት ጋለ። ሆኖም በቅል ውሃ ቀድታ አቀረበችለት።

«ምክሬን ሊሰሙ በንግሥቲቱ ዙፋን ምለዋል፣ ጌታዬ። ሰው ሲያናግርዎ ጉንጭዎን በውሃ ይሞላሉ። የሚውጡት ተናጋሪው ሲጨርስ ነው።»

ጉምዛር የመጀመሪያውን ጉንጭ ውሃ በስንቅ ኃላፊው ፊት ላይ ተፋው። ኢልመና ንዴቷን ይዛ ቅሉን እንደገና ሞላች። እያደር ግን መዋጥ ለመደ። ወታደሮቹ «ራስ ዛሬም ጠገቡ» እያሉ ይንሾካሾኩ ጀመር፤ ስለታመመች በቅሎና ስለተሳሳተ መንገድም ደፍረው ይነግሩት ጀመር። ያልደፈሩም ግን ነበሩ።

ወደ ገሞር ጉድጓድ ጉምዛርና ኢልመና በገመድ ወረዱ። አውሬው ተኝቷል። ጉምዛር ዕንቁውን ከጥፍሩ ሥር በቀስታ ሲያወጣ፣ ገመድ ያዡ ደንጎ ከአፋፉ ላይ ተንጠልጥሎ በሹክሹክታ ተጣራ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር አለ።»

ጉምዛር ከያዘው ቅል ጉንጩን ሞላ።

«ገመዱ ተበልቷል። ከእንግዲህ ቢያወጣ አንድ ሰው ነው። ትናንት አይቼው ነበር፤ ይቆጡኛል ብዬ ደበቅሁ።»

የጉምዛር የግንባር ሥር ተገተረ። ዓይኑ ቀላ። ውሃውን ዋጠ።

ኢልመና ግን ጮኸች። «ትናንት? ትናንት አይተህ ዝም አልህ?»

ገሞር ዓይኑን ገለጠ።

ከአፏ የወጣው ድምፅ የራሷ መሆኑን ማመን አቃታት። ጉምዛር ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረ፤ ዕንቁውንና ቅሉን አስታቀፋት።

«የተማረም ይናደዳል ለካ» አለ። ፈገግ ብሎ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ የቀሰቀስሁት። እኔ ልቅር።»

«አንቺ ገና አሁን መጮህሽ ነው። እኔ ስንት ጊዜ የዋጥሁት ቁጣ አለኝ። ደንጎ፣ ሳብ።»

ከዚያም ወደ ጉድጓዱ ውስጠኛ ዋሻ እየሮጠ በመንገዱ ሁሉ የዋጠውን ቁጣ አንድ ላይ በጩኸት ለቀቀው። ግድግዳው ተናጋ። ገሞር ኢልመናን ትቶ ተከተለው።

እሷ አፋፉን እንደጨበጠች ገመዱ ተበጠሰ። ከታች የጉምዛር ድምፅ ጥቂት ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዕንቁው ከጉድጓዱ በመውጣቱ በዘርማት ምድር ሁሉ ላይ ደመና ተከመረ፤ ዝናቡም ወረደ።

ደንጎ እግሯ ላይ ወደቀ። «እመቤቴ፣ ልናገር።»

ኢልመና ልታንቀው ፈለገች። ራሷንም ልታንቅ ፈለገች። ቅሉን ወደ ዝናቡ ዘረጋች፤ ውሃ ሲይዝላት ጉንጯን ሞልታ እንዲናገር በእጇ ምልክት ሰጠችው።

ብዙ ተናገረ። እስኪጨርስ አልዋጠችም።