ያልተዘጋው ሐረግ

«ይህቺን መስመር ግጠሚልኝ» ብሎ አንድ ሰውዬ ንቅሳት ቤቴ ገብቶ እጅጌውን ሰበሰበ።

ሳየው ደሜ ፈላ!

አባቴ የመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ነበር። በአየርላንድ መስቀሎቻችን ላይ ያለውን፣ መነሻም መድረሻም የሌለውን ሐረግ ነበር የሚቀርጸው። ጥጉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይኗን የጨፈነች ወፍ ያስቀምጣል። ያቺ ወፍ ይኸው በማላውቀው ሰውዬ ክንድ ላይ ተነቅሳ ትጠቅሰኛለች! ሐረጉ ግን የእጁ አንጓ ጋ ሲደርስ ተቋርጧል።

«ከየት ሰረቅከው?»

«ምን? አንቺ ሴትዮ...»

«ከየት ሰረቅከው አልኩህ!»

«ከእናቴ መቃብር!» ብሎ እሱም ጮኸ። «አባትሽ የእናቴን ድንጋይ ሳይጨርስ ሞተ። ሌላው ቀራጭ ሁሉ የሟች ሥራ አልነካም ይላል። እኔስ ምን ላድርግ? እንዳለ ክንዴ ላይ አስነቀስኩት። ሴት ልጁ ሙርየን ነቃሽ ናት፣ መሮም ታውቃለች ሲሉኝ፣ ድንጋዩንም ትጨርሺልኛለሽ ብዬ መጣሁ።»

«ውጣልኝ!»

ወጣ። አባቴ እዚያ ድንጋይ ላይ መሮውን እንደያዘ ወድቆ ከቀረ ወዲህ እኔ መሮ ነክቼ አላውቅም። ያንን ድንጋይ ማየትም አልፈልግም ነበር።

በሳምንቱ ሰውዬው አንድ ባልዲ ሸርጣን ይዞ ከች አለ! ፊያክራ ይባላል፤ የኮኔማራ ባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጅ ነው።

«ጉቦ መሆኑ ነው?»

«እራት ነው። ከስተሻል።»

«ማን ጠየቀህ?»

ግን በላሁት። ሸርጣኑ ምን አጠፋ?

ክረምቱን ሙሉ እኔ ያለሁበት ጎልዌይ ከተማ ድረስ ተመላለሰ። ስለ ድንጋዩ ትንፍሽ አላለም። ስቆጣ ይስቃል፣ ስስቅ ዝም ብሎ ያየኛል። ወደድኩት፤ ክፉኛ ወደድኩት። ያናደደኝም ይኸው ነው! አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ የምትለማመጠኝ ለድንጋዩ ነው አይደል?»

ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንዲህ ነው የምታስቢኝ? እንግዲያው ስሚ። ሥራውን የሚደፍር ቀራጭ አግኝቻለሁ። ነገ ይጨርሰዋል። ከእንግዲህ መሮሽን አልፈልግም። አንቺን ነው የምፈልገው... አንቺን ብቻ!»

ሌላ ሴት ብትሆን አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። እኔ አበድኩ።

«የአባቴን ሥራ ሌላ ሰው ሊነካው? በማን ፈቃድ!»

በማግስቱ ማለዳ የአባቴን መሮና መዶሻ ይዤ መቃብሩ ጋ ቀራጩን ቀደምኩት። ዝናቡ ይወርዳል።

«ምን አስቸኮለህ፣ አባዬ! ሳትጨርስ! ሳትሰናበተኝ!» እያልኩ መታሁ። እየመታሁ አለቀስኩ። መስመሩ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እያለፈ ተጠማዞ ከመነሻው ገጠመ።

ቀና ስል ፊያክራ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ቀራጩን ከመንገድ መልሶት ነው የመጣው።

«አሁን እናቴ በሰላም አረፈች» አለኝ።

«አባቴም...»

ክንዱን ዘረጋልኝ። «ይሄንንስ አትዘጊውም?»

«አልዘጋውም! የቀረው እኔ ላይ ነው የሚነቀሰው።»

ይኸው ዛሬ መስመሩ ከእሱ አንጓ ወጥቶ በእኔ አንጓ ዞሮ ይመለሳል። እጅ ለእጅ ስንያያዝ ሐረጉ ይዘጋል፤ ስንኳረፍ ይከፈታል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። ያንን የሚሸት ባልዲውን መሐል ቤት ጥሎብኝ፣ ስናገረው በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወደ ጀልባው ሄደ።

አሁን በመስኮት ሳይ እየመጣ ነው። ንዴቴ አልበረደም፣ እነግረዋለሁም! ግን መጀመሪያ ወርጄ እጁን ልያዘው።