የሃርክ ደሴት የመጨረሻ አንደበት

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር መባቻ፣ የፖቶማክ ወንዝ በጉም ተሸፍኖ ባረፈደበት ዕለት፣ ካፒቴን ሲላስ በተወለዱ በዘጠና አንድ ዓመታቸው በአሜሪካዪቱ አሌክሳንድሪያ ከተማ ዐረፉ። እኚህ ሸርጣን አጥማጅ የሃርክ ደሴት ተወላጅ ነበሩ፤ ደሴቲቱን ባሕር ከዋጣት ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ የሰዎቿ እንግሊዝኛ ከሌላው የተለየ ስለ ነበረም፣ እንደ እነሱ መናገር በአገሬው ዘንድ «ሃርክ ማድረግ» ይባል ነበር።

ከኢትዮጵያ የመጣችው አስታማሚያቸው ስሂን እንግሊዝኛን የለመደችው ከእርሳቸው ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር እየተመላለሰች በአረጋውያን መኖሪያው ሰባት ዓመት አገለገለቻቸው፤ ሌላ አስተማሪ ከየት ታምጣ? እዚሁ የተወለደችው ልጇ ማራናታ ግን ታፍርባት ነበር። «እማዬ፣ ፕሊስ፣ ጓደኞቼ ፊት ሃርክ አታድርጊ» ትላታለች፤ በአማርኛ ብታጫውታትም መልሷ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ስሂን በገዛ ቤቷ ዝምታን ለመደች፤ የልቧን የምታወራው ለካፒቴኑ ብቻ ሆነ።

ሊሞቱ ሰሞን እጇን ይዘው፣ «ስሂን፣ በሰው አፍ አትቅበሪኝ፤ በአፋችን ተሰናበቺኝ» አሏት።

«እሺ ካፒቴን፤ እርስዎ አያስቡ» አለቻቸው።

በቀብሩ ላይ የተገኙት ቄሱ፣ ስሂንና አንድ ጋዜጠኛ ብቻ ነበሩ። ጋዜጠኛው የደሴቲቱን አነጋገር ከመጨረሻው ተናጋሪ ከካፒቴኑ ሊቀርጽ ፈልጎ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ዘገየ። ስሂን ከሣጥኑ ራስጌ ቆመች፤ ደሴተኞቹ ጀልባ ሲሸኙ የሚሉትን፣ «ማዕበሉ ይተኛልህ፤ ፋኖሱን ከደጅ አናነሣም» የሚለውን፣ ልክ እንደ ካፒቴኑ አድርጋ፣ ቃል ሳታጎድል ተናገረች። ጋዜጠኛው የሐበሻ ፊቷን አየና፣ የስደተኛ እንግሊዝኛ መስሎት፣ መቅረጫውን በትሕትና አጠፋ።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቸርች መልስ፣ ማራናታ ጋዜጣውን ከስልኳ ላይ አነበበችላት፤ «የሃርክ አነጋገር ከካፒቴን ሲላስ ጋር ተቀበረ» ይላል። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች።

«ግን እማዬ፣ አንቺ አለሽ እኮ። ለጋዜጣው ሰዎች ኮል እናድርግላቸው።»

«ማን ያምነኛል፣ ልጄ?» አለች ስሂን። « የምነግራቸው በዚሁ አፌ አይደል?»

ጽሑፉም እንደ ተጻፈ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ደሴቲቱ የጻፉ ሁሉ ያንኑ ዓመትና ያንኑ ስም እየጠቀሱ አለፉ። ስሂን ግን ዛሬም አለች፤ ባቡሩ ድልድዩን ሲሻገር ወደ ወንዙ ፊቷን አዙራ ጥቂት በደሴቲቱ አፍ ታወራለች፤ አጠገቧ የተቀመጠውም ሰው የምትጸልይ መስሎት ዝም ይላል።